ለአራት ኪሎው ጠያቂ፦ 48 ቮልት ይበቃሃል

ወንድሜ፣ አራት ኪሎ ላለው ቤትህ 5 ኪሎዋት ሶላር ልታስገባ ነው፤ ባትሪው ዝቅተኛ ቮልቴጅ ይሁን ወይስ ከፍተኛ ብለሃል። እኔ ብሆን ባለ 48ቱን እወስዳለሁ።

ባለ 48 የሚባለው ሊቲየም አይረን ፎስፌት (የሊቲየም ባትሪ ዓይነት ነው) አብዛኛውን ጊዜ 51.2 ቮልት ነው፤ ባለ 3.2 ቮልት 16 ሴሎች በተከታታይ ተያይዘው። ከፍተኛዎቹ እስከ ብዙ መቶ ቮልት ይሄዳሉ። ጥቅማቸው አምፔር መቀነሱ ላይ ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ ብትሰካ፣ ከ51.2 ቮልት ባትሪ ወደ 70 አምፔር ይወጣል። ከ400 ቮልት ግን 9 አምፔር እንኳ አይሞላም። ገመዱ ይቀጥናል፣ በሙቀት የሚባክነውም ያንሳል።

70 አምፔር ቀልድ አይደለም። ፒያሳ እኛ ቤት ባለ 48ቱን ባትሪ የገጠመው ልጅ አንዷን ቡሎን በደንብ ሳያጠብቃት ሄደ። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ገመዱን ብነካው፣ ጫፉ ቡና የተቀዳበት ስኒ ሆኗል! አጥፍቼ አጠበቅኩት፣ ቀረ። ይኸው ስህተት 400 ቮልት ላይ ቢሆን ያስፈራል። የዲሲ (ከባትሪ የሚወጣው፣ በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ብልጭታ አንዴ ከተነሳ ቶሎ አይጠፋም።

ደግሞ 48ቱ ላይ ሁለተኛ ባትሪ በትይዩ ትጨምራለህ፤ አንዱ ቢበላሽ ነቅለህ በሌላው ታመሻለህ። የከፍተኛው ሞጁሎች በተከታታይ ስለሚያያዙ፣ አንዱ ሲያስቸግር ብዙ ጊዜ ሁሉም ይቆማል።

ኢንቨርተሩን፣ ማለትም የባትሪውን ዲሲ ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሲ የሚቀይረውን፣ ቀድመህ ገዝተህ ከሆነ ግን ጎኑ ላይ የተለጠፈውን አንብብ። ለ48 የተሠራ ከፍተኛውን አይቀበልም። ስሪ ፌዝ (በሦስት መስመር የሚገባ መብራት) ያለው ሆቴል ቢሆን ሌላ እመክርህ ነበር።