ጥያቄና መልስ፦ ለትራፓኖ የሚገጠም የሌዘር መምሪያ

ጥያቄ፦ የቤት ዕቃ እሠራለሁ። ጠረጴዛ ላይ በሚቆመው ትራፓኖዬ (መብሻ ማሽኔ) ጎን የመስቀል ምልክት የሚያወጣ አንድ ሌዘር አሰርኩ። በ2 ሳንቲ ሜትር ቺፑድ ስላስተካከልኩት በዚያ ላይ ፑንታው (የሚበሳው ብረት) መስቀሉ መሃል ያርፋል። 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ የወንበር እግር ስበሳ ግን በ1 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ይስታል። ሌዘሩ ተበላሽቶ ይሆን? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሌዘርዎ ደህና ነው፤ የጎደለው ሁለተኛ ሌዘር ነው። ከጎን አጋድሎ የሚወርድ ጨረር ፑንታው ከሚወርድበት መስመር ጋር የሚገናኘው በአንድ ከፍታ ላይ ብቻ ነው። ሌዘሩ ከእንጨቱ በላይ በ20 ሳንቲ ሜትር፣ ከፑንታው ደግሞ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ታስሯል እንበል። የእንጨቱ ፊት በ3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል መስቀሉ በ1.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ሌዘሩ ይጠጋል። እርስዎ ያዩት ይህንኑ ነው።

መፍትሔው አንድ አንድ መስመር ብቻ የሚያወጡ ሁለት ሌዘሮች መግጠም ነው። መስመር የሚያወጣ ሌዘር ብርሃኑን እንደ ቀጭን ሉህ ይዘረጋል። ይህ ሉህ ቸኩ (ፑንታውን የሚይዘው ክፍል) የሚዞርበትን መሃል መስመር ከላይ እስከ ታች ከያዘ፣ እንጨቱ ወፈረም ቀጠነም መስመሩ በፑንታው ጫፍ ሥር ያልፋል። ሁለቱ ሉሆች የሚቆራረጡት እዚያው መሃል መስመር ላይ ስለሆነ መስቀሉ በየትኛውም ከፍታ ቦታውን አይለቅም።

12 ሚሊ ሜትር ወርድ ያላቸው፣ ቀይ ብርሃን (650 ናኖ ሜትር) የሚሰጡ ሁለት ሌዘሮች ይበቃሉ። ከተገኘ ጉልበታቸው ከ1 ሚሊ ዋት ያልበለጠውን ይምረጡ፤ 5 ሚሊ ዋት ለዓይን አደገኛ ነው፣ ለዚህ ሥራም ትርፍ ነው። ከትራፓኖው ራስ በታች ቋሚውን ምሰሶ በፋሼታ (ዙሪያውን በሚያቅፍ ማሰሪያ) ይሰሩና በግራና በቀኝ ሁለት ክንድ ያውጡለት። የእያንዳንዱ ክንድ ርዝመት ከምሰሶው መሃል እስከ ፑንታው ካለው ርቀት ጋር እኩል ይሁን፤ ርቀቱ 12 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ክንዱም 12። ያኔ መስመሮቹ በ90 ዲግሪ ይቆራረጣሉ። ክንዱ አጥሮ መስመሮቹ በ30 ዲግሪ ቢቆራረጡ 1 ሚሊ ሜትር ወርድ ያላቸው መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ መሃሉን መለየት ያስቸግራል። ክንዱን ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ወይም ከትንሽ አንግል ብረት ይሥሩት፤ ቀጭን ላሜራ ሞተሩ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። ማውረጃ እጀታው ሲዞር ክንዱን እንዳይመታም ቀድመው ያረጋግጡ። ሌዘሩን 12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው፣ በአንድ ጎኑ በተሰነጠቀ እንጨት ውስጥ አስገብተው በቡሎን ያጥብቁት። በሙቅ ሙጫ የተለጠፈ ሌዘር ሙቀት ሲያገኘው ይንሸራተታል፤ አይጠቀሙበት።

ማስተካከሉ ላይ አይቸኩሉ፤ ሥራው የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ነው። ትራፓኖውን ከሶኬት ይንቀሉ። 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ቸኩ ላይ ይሰሩ። በእጅ ሲያዞሩት ጫፉ ከተወላገደ ይለውጡት፤ በጎበጠ ዘንግ የተስተካከለ ሌዘር ራሱ ጎባጣ ነው። የሚያብለጨልጭ ብረት ጨረሩን ወደ ዓይን ስለሚመልስ ዘንጉን ነጭ ቀለም ይቀቡት፣ ከጀርባውም ነጭ ወረቀት ያቁሙ። አሁን አንዱን ሌዘር ብቻ ያብሩ። መስመሩ ከዘንጉ ባፈነገጠበት በኩል ወረቀቱ ላይ ቀይ ጭረት ይታያል። መጀመሪያ ሌዘሩን ማቀፊያው ውስጥ እያሽከረከሩ መስመሩን ከዘንጉ ጋር ትይዩ ያድርጉ፤ ከዚያ ወደ ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሱ ዘንጉ መሃል ያሳርፉት። ብዙዎች የሚሳሳቱት የዘንጉን ጫፍ ብቻ እያዩ ሲያስተካክሉ ነው። ጫፉ በርቶ ላዩ ከጨለመ መስመሩ ጋድሏል፣ ውፍረት ሲቀየርም ይስታል። ይህን ጨርሰው አጥፍተው ወደ ሁለተኛው ይለፉ።

ለማረጋገጥ በቀጭን ኤምዲኤፍ ላይ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይብሱ፤ ፑንታውን ሲያነሱ መስቀሉ ቀዳዳው ውስጥ መታየት አለበት። ጠረጴዛውን ሳይነኩ 8 ሳንቲ ሜትር የሚሆን እንጨት ላዩ ላይ አስቀምጠው እንደገና ይብሱ። ሁለቱም ከገጠሙ ቡሎኖቹን አጥብቀው ዳዶዎቹ ላይ ጠብታ ቀለም ያድርጉ፤ ንዝረት እንዳይፈታቸው ይይዛል። ወፍራም ፑንታ ሲጠቀሙ መስቀሉ ከጠፋብዎ አይደንግጡ፤ ፑንታው ራሱ ጨረሩን ጋርዶት ነው። ትንሽ ከፍ ያድርጉት፣ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ሁለት ባለ 3 ቮልት ሌዘሮችን ከስልክ ቻርጀር ጋር አገናኘሁ። መጀመሪያ በጣም ደምቀው ነበር፣ ብዙም ሳይቆዩ ደበዘዙ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ቻርጀሩ 5 ቮልት ነው የሚሰጠው፤ የበዛው ከረንት ሌዘሮቹን ጎድቷቸዋል። የደበዘዘው አያገግምም፣ ይለውጡት። አዲሶቹ 5 ቮልት ከሆኑ በቀጥታ ይገናኛሉ። 3 ቮልት ከሆኑና እያንዳንዳቸው 25 ሚሊ አምፒር የሚወስዱ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ባለ 82 ኦም ሬዚስተር (ከረንቱን የሚገድብ) በመስመሩ ላይ ያስገቡለት፤ ሩብ ዋቱ ይበቃል። ሁለት ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ማሰርም ይቻላል፤ ሽቦ መጎተት ለማይመች ቦታ ይኸኛው ይሻላል። ማብሪያ ማጥፊያ ግን አይርሱ።

ጥያቄ፦ ብረት ነው የምበሳው። ሌዘር ካለኝ በሴንተር ፓንች (ነጥብ መምቻ ብረት) መምታቱ ይቀርልኛል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይቀርም። ሌዘር ቦታውን ያሳያል እንጂ ፑንታውን አይዝም፤ ልሙጥ ብረት ላይ ፑንታ ሲነካ ይሸራተታል። በፓንች ይምቱ፣ የተመታውን ነጥብ መስቀሉ ሥር ያምጡ፣ ብረቱን በሞርሳ ያጥብቁ፣ መጀመሪያ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይብሱ። የሚያገኙት ጥቅም ነጥቡን በቶሎ ፑንታው ሥር ማድረስ ነው፤ ብዙ ቀዳዳ ላለው ሥራ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ቅባትና የብረት ብናኝ መስታወቱን ካጨለመው አልኮል በነካ ጥጥ ይጥረጉት፣ ሌዘሩን አጥፍተው።