ዎከር፣ ጀበና እና «ወፌ ቆመች»

ከጅሬን (ጅማ)፦ የሰባት ወር ልጄን ዎከር (ባለጎማ የሕፃን መራመጃ) ውስጥ አስቀምጬ ቡና አፈላለሁ። ዓይኔን አልነቅልበትም፤ እንዲያም ሆኖ ችግር አለው?

አለው። የዎከር አደጋ በአብዛኛው የሚደርሰው አሳዳጊ እያየ ነው፤ ማየትና መድረስ ለየቅል ናቸው። ጎማው ልጁን በአንድ ሰከንድ ከአንድ ሜትር በላይ ሊወስደው ይችላል። እርስዎ ሲኒ ደርድረው ከረከቦቱ ኋላ ብድግ እስኪሉ እሱ ምድጃው ጋ ነው፤ ጀበናው ሲገለበጥም የፈላው ቡና የሚፈስሰው ጭኑና ሆዱ ላይ ነው። ዎከሩ ከፍ ስለሚያደርገው እየዳኸ የማይደርስበትን የጠረጴዛ ጨርቅና የምጣድ ገመድ ይጎትታል። በረንዳዎ ደረጃ ካለውማ ከነዎከሩ ተንከባልሎ በጭንቅላቱ ነው የሚያርፈው። ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. አሮጌውን ጨምራ ሽያጩን የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው። «ቶሎ ያራምዳል» የሚባለውም አይሠራም። ልጁ በጣቶቹ ጫፍ እየገፋ ይሄዳል እንጂ ሚዛን መጠበቅ አይማርበትም፤ እንዲያውም ሊያዘገየው ይችላል። ዎከሩን ለጎረቤት አይስጡት፤ ጎማውን ነቅለው ይጣሉት።

ከመርካቶ ሠፈር፦ ታዲያ የት ላስቀምጠው?

ወለል ላይ፣ በምንጣፍ፤ መዳህ ይልመድ። ቡና ሲፈላ ግን አጥር ያስፈልገዋል። አናጢ ጋ ካሠሩ ቁመቱ ከ60 ሳንቲሜትር አይነስ፤ በእንጨቶቹ መካከል ያለው ክፍተትም ጭንቅላት እንዳያስገባ ከ6 ሳንቲሜትር አይብለጥ። ምስማሩ ወደ ውስጥ እንዳይወጣ በመዳፍዎ ዳሰው ይረከቡ።

ከአጂፕ፦ ልጄ ዕቃ ይዛ ትቆማለች። እየገፋች የምትሄድበት የእንጨት ጋሪስ?

«ወፌ ቆመች» ከተባለላት ይሆናል፤ ደረጃና እሳት በሌለበት፣ አጠገቧ ሆነው። ባዶ ጋሪ ግን ያመልጣታል። ሁለት ባለ 2 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ሞልተው ከፊት አስረው ይጫኑበት፤ 4 ኪሎ ይሆናል። እጀታውን ወደ ታች ሲጫኑት የፊት ጎማው ከተነሣ ይጨምሩ። ሊሾ ላይ በካልሲ አትሂድ፤ ባዶ እግር ይሻላል። ባለሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ይዛ እንድትነሣም አይተዉአት፤ ጠርዙን ስትስበው በሁለቱ እግሮች መካከል ይገለበጣል።

ከዚያው ሠፈር፦ ቢወድቅ ወይም ቢቃጠልስ?

ለቃጠሎ ልብሱን አውልቀው ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ 20 ደቂቃ ያፍስሱበት፤ ልብሱ ቆዳው ላይ ከተጣበቀ አይላጡት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ በረዶ አይነካውም። ጭንቅላቱን ተመትቶ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከፈዘዘ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ከአፍንጫና ከጆሮው ንጹሕ ፈሳሽ ከወጣ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።