ሁሉንም ፎቶ እወደዋለሁ፣ የቱን ላስቀር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጆች። የፎቶግራፍና የቪዲዮ ተማሪ ነኝ። በሴሚስተሩ መጨረሻ 15 ፎቶና ከ3 ደቂቃ ያልበለጠ ቪዲዮ ያለው ፖርትፎሊዮ አስረክባለሁ። ኮምፒውተሬ ላይ ግን ከ600 በላይ ፎቶ አለ። ዓይኔ አዋጅ ሆኖብኛል። አንዱን ላወጣ ስል አንጀቴ እንቢ ይላል። ቪዲዮውን ደግሞ በቡድን ነው የሠራነው፣ የኔ የምለው የቱ እንደሆነ ራሱ አላውቀውም። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ግራ የገባት ተማሪ

መልስ፦ 600 ፎቶ አያስደንግጥሽ። ፎቶግራፍ አንሺው ሮበርት ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1956 አሜሪካን በመኪና እየዞረ ወደ 28,000 ገደማ ፎቶ አንስቷል፤ ከዚያ ጉዞ ባወጣው «ዘ አሜሪካንስ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ የገቡት 83 ናቸው። አንቺ ከእሱ አንጻር በጣም ቀሎልሻል። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። መምህሮችሽ ፎቶ ማንሳት መቻልሽን አስቀድመው ያውቃሉ፣ ክፍል ውስጥ አይተውሻል። ከፖርትፎሊዮው የሚፈልጉት ምን እንደምትመርጪ ማየት ነው። ከ14 ጥሩ ፎቶዎች መሀል አንድ ደካማ ካስገባሽ፣ ያቺ አንዷ «ይቺ ልጅ ጥሩውን ከመጥፎው አትለይም እንዴ?» ታስብላለች።

ከምርጫው በፊት ግን የተሰጣችሁን የመመዘኛ ወረቀት አውጥተሽ እንደገና አንብቢው። ቀልዴን አይደለም። ብዙ ተማሪ ቆንጆ ሥራ ይዞ ነጥብ የሚያጣው እዚህ ጋ ነው። አንዳንድ ትምህርት ክፍል የመጨረሻዎቹን 15 ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደደረስሽባቸው ማየት ይፈልጋል፤ የሙከራ ፎቶ፣ የተጣሉት፣ ማስታወሻሽ፣ ሁሉም ይቆጠራል። እንደዚያ ከሆነ የጣልሻቸውን አታጥፊ፣ በትንንሹ በአንድ ገጽ ደርድረሽ አስገቢያቸው።

አሁን ወደ ምርጫው። የመጀመሪያውን ዙር በፍጥነት ሂጂበት፣ ፎቶዎቹን ስክሪኑ ላይ አሳንሰሽ። አንሶም ዓይን የሚይዝ ፎቶ ጥንካሬ አለው። ወደ 60 ሲወርድልሽ ዝጊውና ለጥቂት ቀን ተይው። ያነሳሽበት ቀን ትዝታ ከፎቶው ጋር ተጣብቆ ስለሚያታልልሽ ነው፤ ተራራ ወጥተሽ ደክመሽ ያነሳሽውን ፎቶ የምትወጂው ለድካምሽ ሊሆን ይችላል፣ ተመልካቹ ደግሞ ድካምሽን አያየውም። ከዚያ የቀሩትን በርካሽ ወረቀት በትንሹ አሳትሚና ወለል ላይ ዘርጊያቸው። ስክሪን ላይ አንድ በአንድ ነው የምታያቸው፤ ወለል ላይ ግን የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ፣ የትኞቹ ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር እንደሚናገሩ ወዲያው ይታይሻል። አንድ ዓይነት ከተናገሩ አንዱ ይወጣል። ጨክኚ።

እንዴት ነው የሚጨከነው ካልሽ፣ አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። አንዲት ልብስ ሰፊ ክር መርፌ ውስጥ ስታስገባ ሁለት ፎቶ አነሳሽ እንበል። በአንዱ የመስኮቱ ብርሃን ፊቷ ላይ ግሩም ሆኖ አርፏል፣ ክሩ ግን ጣቷ ተሸፍኖ አይታይም። በሌላው ብርሃኑ እንደነገሩ ነው፣ ነገር ግን የክሩ ጫፍ የመርፌውን ቀዳዳ ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል፣ እሷም ትንፋሿን እንደያዘች ከከንፈሯ ያስታውቃል። እኔ ሁለተኛውን ነው የምወስደው። የመጀመሪያው ያምራል፣ ሁለተኛው ግን ቀጥሎ ምን ይሆን ያሰኛል። ሌላ ሰው ሌላ ሊመርጥ ይችላል፤ ዋናው «ለምን ይሄን መረጥሽ?» ስትባዪ መልስ እንዲኖርሽ ነው።

ሰው ስታማክሪ «ያምራል?» ብለሽ አትጠይቂ። ጓደኛ ሁሉ «አዎ፣ በጣም!» ነው የሚለው። አሳይተሽ ደብቂውና «የቱ ትዝ አለሽ?» በያት። መጀመሪያ ትዝ ያላት ከፊት ይገባል፣ ቀጥሎ ትዝ ያላት ከመጨረሻ። ሌላው መሀል ላይ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይሂድ። ከለሩንም አንድ ዓይነት አድርጊው፤ አንዱ ብርቱካናማ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ በፊልተር የተጠመቀ ከሆነ የአምስት ሰው ሥራ ይመስላል። ለስክሪን ከሆነ ኤስአርጂቢ (sRGB) የሚባለው የቀለም ምርጫ ላይ አድርገሽ በጄፔግ (JPEG) ፋይል አውጪው፣ ረጅሙ ጎን 2,000 ፒክስል አካባቢ ይበቃል። ለሕትመት ከሆነ በኢንች 300 ፒክስል አስቢ፤ 20 በ30 ሳንቲ ሜትር ለማተም ወደ 2,400 በ3,600 ፒክስል ያስፈልግሻል ማለት ነው።

ቪዲዮው ላይ ሐቀኛ ሁኚ። ቡድኑ የሠራውን ሁሉ የኔ ነው አትበይ፣ ግን ደግሞ አትሸማቀቂ። ካሜራ ይዘሽ ከነበር «ካሜራ»፣ ድምፅ ቀድተሽ ከነበር «ድምፅ» ብለሽ በግልጽ ጻፊ፣ ያንቺ እጅ ያለበትን ክፍል ብቻ ቆርጠሽ አስገቢ። ጊዜ ካለሽ ግን አንድ ደቂቃ የምትሆን የብቻሽን ሥሪ። አንድ ሰው አንድ ሥራ ሲሠራ፦ እጁን፣ ፊቱን፣ ከሩቅ ከነአካባቢው፣ ከትከሻው በላይ፣ ከዚያ አንድ ያልተለመደ ማዕዘን። እያንዳንዱን ካሜራውን ሳታንቀሳቅሺ 10 ሰከንድ ያዢው፣ ኤዲት ስታደርጊ ታመሰግኚኛለሽ። በሰከንድ 25 ፍሬም የምትቀርጪ ከሆነ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ አድርጊው፣ እንቅስቃሴው ለዓይን ተፈጥሯዊ ይሆናል። ድምፅ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ይዘናጋል። የደበዘዘ ምስል ይታለፋል፣ የሚያስተጋባ ድምፅ ግን ሰው ጆሮውን እንዲይዝ ያደርጋል። ማይክ ከሌለሽ ሁለተኛ ስልክ የሚናገረው ሰው ኪስ ውስጥ አስቀምጠሽ ቅጂ፣ ከመውጣትሽ በፊትም ሰው ሳይናገር የክፍሉን ድምፅ 30 ሰከንድ ቅጂ፤ ቁርጥራጮቹን ስታገናኚ መሀል ያለውን ክፍተት ይሞላልሻል። ስምሽ እየተሽከረከረ የሚመጣበትን መግቢያ ግን እባክሽ ተይው። በቀጥታ ጀምሪ።

ጥያቄ፦ ልጄ ፎቶ ይማራል። በስልክ ነው የሚያነሳው። «ካሜራ ካልተገዛልኝ ፖርትፎሊዮዬ ዋጋ የለውም» እያለ አስጨንቆኛል። ልግዛለት?
አባት

መልስ፦ አባቴ፣ ልጅዎ ይቅር ይበለኝና ገና አይግዙለት። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚጠይቅ ይይልዎት። አፐርቸርና ሹተርን (የብርሃን መግቢያውን ስፋትና ጊዜ) በእጅ ማስተካከልን የሚመዝን ኮርስ ከሆነ ካሜራ ያስፈልገዋል፣ ግን ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ራሱ ያውሳል። ካልሆነ ስልኩ በቂ ብርሃን ባለበት ጥሩ ይሠራል። የሚያስቸግረው ጨለማ ሲሆንና ሩቅ ነገር በዙም ሲስብ ነው፤ ዙም ከማድረግ በእግሩ ይጠጋ። ገንዘብ ማውጣትዎ ካልቀረ ትራይፖድና ትንሽ ማይክ ይቅደሙ። ካሜራ የግድ ከሆነም ያገለገለ ይበቃዋል፣ ከ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር።

ጥያቄ፦ የሰው ፎቶ ፖርትፎሊዮ ውስጥ ለማስገባት ፈቃድ ያስፈልጋል? ዘፈንስ?
ችኩሉ

መልስ፦ ፊቱ የሚታወቅ ሰው ከሆነ ጠይቀው፣ ቢቻል በጽሑፍ። ሕፃን ከሆነ ወላጁን። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፣ ፈቃድ ወረቀት ግን የትም አይጎዳህም። ዘፈን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አታስገባ፤ ሥራህን ኢንተርኔት ላይ ስትጭነው ድምፁ ሊጠፋ ወይ ቪዲዮው ሊታገድ ይችላል። በነፃ እንዲጠቀሙባቸው የተፈቀዱ ሙዚቃዎች ሞልተዋል፣ የፈቃዱን ዓይነት አንብበህ የሠሪውን ስም ጻፍ። ደግሞ ችኩሉ ስላልክ፦ ፋይሉን ሦስት ቦታ አስቀምጥ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን፣ ሜሞሪ ካርዱንም ኮፒው መከፈቱን ሳታይ አታጥፋ።