መልስ፦ አዎ ወንድሜ፣ ስኳሩ ሊያመጣው ይችላል

ከፍኖተ ሰላም የጻፍክልን ወንድሜ፣ «ስኳር ከያዘኝ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አሁን ከባለቤቴ ጋር መሆን አቃተኝ፤ ስኳሩ ይሆን?» ብለሃል። ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ብልት የሚቆመው ደም ሲሞላው ነው። ስኳር ለዓመታት ከፍ ሲል የደም ሥሮቹን ያጠባል፣ ነርቮቹንም ይጎዳል። እግርን የሚያደነዝዘውም ይኸው ጉዳት ነው። ፍላጎትህ እያለ ሰውነትህ እምቢ ሊልህ ይችላል። ይህን ለባለቤትህ ንገራት፤ ጠላኝ ብላ እንዳታዝን።

ክትትል የምታደርግበት ሄደህ ለሐኪሙ ሳታፍር አስረዳ። የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየውን የደም ምርመራ ተመርመር፤ ለብዙ ሰው ከ7 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። ግፊትህንና ልብህንም ይዩልህ። አንዳንዴ ይህ ችግር ከልብ ሕመም ቀድሞ የሚታይ ምልክት ነው። ሲጋራ ካለ ተው፣ አረቄውንም።

አደራ፣ ቫያግራ የሚባለውን ብልት እንዲቆም የሚረዳ ክኒን ከሰው እጅ ገዝተህ እንዳትውጥ! ናይትሬት ከሚባለው የልብ መድኃኒት ጋር ከተገናኘ ግፊትን በአንዴ አውርዶ ሊገድል ይችላል። ሐኪም አይቶ ካዘዘልህ ግን ብዙ የስኳር ታማሚዎችን ይረዳል። ከግንኙነት አንድ ሰዓት ገደማ ቀድመህ ውሰደው። ቅቤ የበዛበት ወጥ በልተህ ከሆነ ግን ሥራው ይዘገያል።