የጎደለ የልቀት ዳታ በምን ይሞላ? ጥያቄና መልስ

ኤልሲኤ (የሕይወት ዑደት ምዘና፣ አንድ ምርት ከጥሬ ዕቃው እስከ መጣያው በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጫና የሚሰላበት) የምትሠሩ ልጆች የላካችሁልኝ ጥያቄ ሁሉ ማለት ይቻላል ስለ ጎደለ ዳታ ነው። እንደ አመጣጣቸው ልመልስ።

ጥያቄ፦ የታጠበ ቡና ላይ ነው የምሠራው። ከመፈልፈያ ጣቢያው እጣቢ ውሃ የሚወጣውን ሚቴን ማንም ለክቶት አያውቅም። ባዶ ልተወው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ባዶ የተውከውን ሶፍትዌሩ እንደ ዜሮ ነው የሚቆጥረው፤ ዜሮ ደግሞ ራሱ ግምት ነው፣ ያውም እዚህ ጋ የማይሆን ግምት። ሚቴኑን መለካት ቢያቅትህ እጣቢው የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ ለካ። በአይፒሲሲ (የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል) መመሪያ ከ1 ኪሎ ሲኦዲ (ውሃው ውስጥ ያለው ቆሻሻ የሚለካበት ነው) ቢበዛ 0.25 ኪሎ ሚቴን ይወጣል። ውሃው አየር ሳያገኝ የሚተኛበት ጉድጓድ ጥልቀቱ 2 ሜትር ካልሞላ ይህን በ0.2 ታባዛለህ፣ ካለፈ በ0.8። የ4 እጥፍ ልዩነት በአንድ የመለኪያ ገመድ ይለያል ማለት ነው። እዚያው ሳለህ ውሃው ስንት ቀን እንደሚተኛ ጥበቃውን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ለመብራቱ የዓለምን አማካይ ብወስድስ?

መልስ፦ አያስኬድም። የኢትዮጵያ መብራት በአብዛኛው ከግድብ ነው፤ የዓለሙ አማካይ ውስጥ ግን ብዙ የድንጋይ ከሰል አለ። ይልቅ መብራት ሲጠፋ የሚነሳውን ጄነሬተር እንዳትረሳ፣ የናፍጣ ደረሰኙን ፈልግ።

ጥያቄ፦ ከስንዴ ማሳ ለሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ የ2006ቱ (እ.ኤ.አ.) የአይፒሲሲ መመሪያ ከተጨመረው ናይትሮጅን 1 በመቶ ይላል፣ የ2019ኙ ማሻሻያ ደግሞ ዝናባማ አካባቢ ለሚጨመር ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ 1.6። የቱን ልያዝ? ግራ ገብቶኛል፣ እህታችሁ ነኝ።

መልስ፦ አዲሱ ይሻላል፣ ግን በሁለቱም አስዪው እህቴ። 100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። በ1 በመቶ ሂሳብ 0.46 ኪሎ ናይትሮጅን፣ ወደ ናይትረስ ኦክሳይድ ስትቀይሪው (በ44/28 ሲባዛ) በቀጥታ ከአፈሩ 0.72 ኪሎ ናይትረስ ኦክሳይድ ይወጣል፤ በ273 (ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲነጻጸር በሚያሞቅበት እጥፍ) ስታባዢው ወደ 197 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ይመጣል። በ1.6 ከሆነ 316 ገደማ። መደምደሚያሽ በሁለቱም ካልተቀየረ እለፊው። ከተገለበጠ ግን ጊዜሽንም ገንዘብሽንም እዚያ ላይ አውጪ።

ጥያቄ፦ አማካሪዬ «ግምት በዝቷል» ብለው መለሱብኝ።

መልስ፦ ግምት የሌለበት ኤልሲኤ እኔ አላየሁም። የኤልሲኤ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው አይኤስኦ 14044 ራሱ ሦስት መንገድ ይሰጥሃል፦ ምክንያቱ የተገለጸ ቁጥር፣ ምክንያቱ የተገለጸ ዜሮ፣ ወይም ተመሳሳይ ቴክኖሎጂ ካለው ሥራ የተሰላ ቁጥር። በአንድ ሰንጠረዥ ቁጥሩን፣ ከየት እንዳመጣኸው፣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ጻፍና መልሰህ አስገባላቸው።