ለነዳያን ምሳ ስናቀርብ የሚጎድለን ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ ነው። የጽዋ ማኅበራችን በየወሩ ለነዳያን ምሳ ያበላል። ባለፈው ግን ግፊያ ተነሣ፤ ምግቡም ለኋለኞቹ አልደረሰም። ልጆቻችን ፎቶ ሲያነሡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሲስቡ አየሁ። ምጽዋታችን ዋጋ አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ዋጋ አለው፤ የጎደለው አቀራረቡ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን «አንዳችም የሌላቸውን ታሳፍራላችሁን?» ብሎ የገሠጻቸው በማዕድ ላይ ነው (1ኛ ቆሮ. 11፥22)። ሐዋርያትም መበለቶች በየዕለቱ ማዕድ ሲዘነጉ ለዚያ ሥራ ያስመረጡት ጥበብ የሞላባቸውን ሰባት ሰዎች ነው (ሐዋ. 6፥3)። እንጀራ ማደል ጥበብ ይፈልጋል።

ግፊያውን ያመጣው «አይደርሰኝም» የሚል ስጋት ነው። ስለዚህ አታሰልፏቸው፤ አስቀምጧቸውና እናንተ ዙሩ። ለአረጋውያን አግዳሚ ወንበር ይኑር፤ የጅማ ዝናብ አይታመንምና ድንኳን ትከሉ። ለሰርግ እንግዳ እንደሚደረገው ጎንበስ ብላችሁ እጃቸውን አስታጥቡ። «ና አንተ» ሳይሆን «አባቴ፣ እናቴ፣ ይቀመጡ» በሉ።

50 ሰው ከጠበቃችሁ ለአንድ ሰው አንድ ተኩል እንጀራ አስቡ፤ 75 ይሆናል፣ 10 ጨምሩበት። ወጡ በአንድ ዓይነት ጭልፋ ይለካ። እጅ እንደመራው ከተጨለፈ ለፊተኞቹ ይትረፈረፋል፣ ለኋለኞቹ ድስቱ ይፋቃል። ሲሶውን በሌላ ድስት ከድናችሁ አቆዩ።

ከነዳያኑ መካከል ሙስሊሞች አሉ፤ እኛ ያረድነውን ሥጋ አይበሉም። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ከሆነ ግን ሃይማኖቱን የሚጠይቀው ሳይኖር ሁሉም ይበላል፤ ረቡዕና ዓርብ ቢውልም አያስቸግርም።

የተረፈውን ወጥ ደባልቃችሁ በፌስታል አታድሉ። ያልተነካው ብቻ፣ እንጀራውም ወጡም ለየብቻ፣ በዚያው ቀን ይሰጥ።

ፎቶውን በተመለከተ፦ ድስቱን፣ መሶቡን፣ አገልጋዮቹን አንሡ፤ ተመጋቢውን ግን አታንሡ። «ፈቅደዋል» አትበሉኝ፤ የራበው ሰው ሳህኑ ፊቱ ቀርቦ እንዴት እምቢ ይላል? ገንዘብ ላዋጡት የገበያ ደረሰኙና የተመጋቢው ቁጥር ይበቃቸዋል። ጌታ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ያለው በምጽዋት ነገር ነው (ማቴ. 6፥3)።

የእኚያን እናት ፎቶ ዛሬውኑ ከስልኮቹ አስጠፉ፤ ተለጥፎም ከሆነ ይውረድ። በሚቀጥለው ወር ሲመጡ ያነሣቸው ልጅ ራሱ እጃቸውን ያስታጥባቸው፣ ይቅርታም ይጠይቃቸው።