«ባለቤቴ በተስፋው ቃል ማመን አቁሟል»

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። በትዳር ሰባት ዓመት ቆይተናል። ሁለት ጊዜ ጽንስ ጨንግፎብኝ፣ በሦስተኛው ወንድ ልጅ በሰባት ወሩ ተወለደና በሦስተኛው ቀን ጌታ ወሰደው። እኔ ጌታ አበርትቶኝ በሁለት ሳምንቴ ሥራ ገባሁ። ልጅ እንደሚሰጠን ቃሉን ስለተቀበልን፣ «በውኑ ለእግዚአብሔር የሚሳነው ነገር አለን?» የሚለውን ጥቅስ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ። ባለቤቴ ግን ይኸው ስድስት ወሩ፣ አብሮኝ መጸለይ ትቷል። ለሚመጣው ልጃችን መጸለይ ስጀምር ተነሥቶ በረንዳ ይወጣል። አንድ ቀን «ቃሉ የታለ?» ብሎ አስደነገጠኝ። በቅርቡ ደግሞ የሕፃኑን ቆብ ኮቱ ኪስ ውስጥ አግኝቼ ወሰድሁና ደበቅሁት። እምነቱን እንዴት ልመልስለት?

መልስ፦ እህቴ፣ የላክሽው ደብዳቤ አራት ገጽ ነው፤ እዚህ የወጣው አጥሮ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በመጀመሪያው ንባብ ባለቤትሽን አየሁት። በሁለተኛው አንቺን ፈለግሁና አጣሁሽ። ከአራቱ ገጽ ለልጅሽ የደረሰው አንድ መስመር ብቻ ነው። ስም ወጥቶለት እንደሆነ አልጻፍሽም። በእነዚያ ሦስት ቀናት አቅፈሽው እንደሆነ፣ እርሱ ከሄደ በኋላ ጡትሽ ወተት ሲይዝ ማን አጠገብሽ እንደነበረ አልጻፍሽም። «ጌታ አበርትቶኝ» ትያለሽ፤ ቀጥሎ ሥራ ገብተሻል።

ቅር አይበልሽና በዚህ ጉዳይ ወደ ባለቤትሽ አደላለሁ። እርሱ እያዘነ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ልጁን በኪሱ ይዞ ይዞራል። ወደ በረንዳ የሚወጣውም፣ ግምቴ ነው፣ ጸሎት ጠልቶ ላይሆን ይችላል፤ ስለሚመጣው ልጅ በሚጸለይበት ክፍል ውስጥ ስለሄደው ልጅ የሚነገርበት ቦታ አጥቶ ይሆናል። «ቃሉ የታለ?» ማለቱንም አንቺ እንደ ክህደት ቆጠርሽው። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከብዙ አማኞች ሰምቻለሁ። ባዶ መሆኑን ያወቀውን ቤት ደጋግሞ የሚያንኳኳ ሰው የለም።

እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ቢሆንም ጥቅሱን የለጠፍሽው አንቺ ነሽና፣ የተወሰደበትን ምዕራፍ ላንብብልሽ፤ ዘፍጥረት 18 ነው። ሦስት እንግዶች በአብርሃም ድንኳን አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ሣራ ከኋላ፣ በድንኳኑ ደጃፍ ሆና ትሰማለች። ዕድሜዋ 90 ሊሞላ ነው። ልጅ ትወልጃለሽ መባሉን ስትሰማ በልቧ ሳቀች። የደስታ ሳቅ አልነበረም፤ ብዙ ዓመት ጠብቆ የደከመ ሰው የሚስቀው ሳቅ ነው። ማቀዝቀዣሽ ላይ ያለው ቃል የተነገረው ያን ጊዜ ነው። በእምነት ስለጸናች ሴት ሳይሆን በምሬት ስለሳቀች ሴት ተነገረ።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሣራ ፈራችና «አልሳቅሁም» አለች። እግዚአብሔርም እንደሳቀች ነገራት። በቃ፤ ሌላ ተግሣጽ የለም። ስለሳቀች ተስፋው አልተነሣባትም። ክህደቷ ግን እንዲሁ አልታለፈም፤ ሳቋን እንድትደብቅ አልተፈቀደላትም። ልጁ ሲወለድም ይስሐቅ ተባለ፣ «ይስቃል» ማለት ነው። የደበቀችው ነገር የልጇ ስም ሆኖ ቀረ። አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ ይስሐቅ ሲወለድ 100 ሞላው። በመካከሉ ባሉት 25 ዓመታት ውስጥ «ያለ ልጅ እሄዳለሁ» ብሎ ፊት ለፊት ያማረረበት ቀን አለ፤ የእምነት አባት የሚባለው እርሱው ነው።

አየሽ፣ ከእናንተ ከሁለታችሁ «አልሳቅሁም» የምትለው አንቺ ነሽ። ባለቤትሽ ሳቁን በግልጽ ሳቀው። አንቺ ደግሞ ያዘንሽ እንደሆነ ተስፋው የሚሰረዝብሽ ይመስልሻል፤ ስለዚህ እንባሽን በጥቅስ ትከድኚዋለሽ። ባለቤትሽ ሲያዝን የሚያስፈራሽም ለዚህ ይመስለኛል። የእርሱ ሐዘን የአንቺን ይቀሰቅሰዋል።

ጥፋቱ ያንቺ ብቻ ነው አልልም። በእኛ አገር ለሦስት ቀን ሕፃን ብዙ ጊዜ ድንኳን አይጣልም። ጎረቤት ገብቶ «እግዚአብሔር ይተካልሽ» ይልና ይወጣል። ለአክስቱ ባል ሦስት ቀን የሚቀመጥ ሰው ለገዛ ልጁ ግማሽ ቀን አይሰጠውም። እናት ሳታለቅስ «በርቺ» ትባላለች፤ የበረታች ሲመስላት ደግሞ ዞራ ባሏን «በርታ» ትላለች።

ምን ታድርጊ? ብዙ የምመክርሽ የለኝም። ለጊዜው እምነቱን ለመመለስ መሞከርሽን ተዪ። ጥቅሱን ማንሣት የለብሽም። አንድ ማታ ግን ስልክ ዘግታችሁ፣ ጥቅስ ሳትጠቅሺ ስለ ልጃችሁ አውሩ፤ ሰዓቱ ቢያጥርም፣ እርሱ ዝም ቢልም ችግር የለውም። በገጽ አራት ላይ በጥድፊያ የጻፍሽውን፣ ቶሎ የማርገዝ ሐሳብሽን ማለቴ ነው፣ ከሐኪምሽ ጋር ሳትነጋገሪ አትወስኚ። ከተቻለ ሁለታችሁም አብራችሁ አንድ የምክር ባለሙያ ፊት ብትቀመጡ ከእኔ ደብዳቤ ይሻላል። ከሁለታችሁ አንዳችሁ እንቅልፍና ምግብ ካጣችሁ፣ ወይም መኖር ያስጠላችሁ እንደሆነ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ቆቡን መልሺለት። ልብ ብለሽ ከሆነ፣ «ጣልሁት» አላልሽም፤ «ደበቅሁት» ነው ያልሽው። ስትሰጪው የት አስቀምጠሽው እንደነበረና ስንት ጊዜ እያወጣሽ እንዳየሽው ንገሪው።